ከበርሜሉ በፊት፦ የኒምፕሸን መነኮሳይያት ውሎና ጸሎት

የተሐድሶ ታሪክ በአጥቢያዎቻችን ሲነገር የማርቲን ሉተር ሚስት የካታሪና ፎን ቦራ ስም ሳይነሣ አይቀርም። ሲነሣም ታሪኩ የሚጀምረው ከበርሜሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1523 በትንሣኤ ዋዜማ ሌሊት የቶርጋው ከተማ ነጋዴ ሌዎንሃርድ ኮፐ፣ የዓሣ በርሜል በሚያመላልስበት ሠረገላ አሥራ ሁለት መነኮሳይያትን ከኒምፕሸን ገዳም አስወጣ። በርሜሉ ውስጥ ተደብቀው ነው ወይስ በበርሜሎቹ መካከል ተቀምጠው የሚለውን የታሪክ ጸሐፊዎች እስካሁን ይከራከሩበታል። እኛ ሠረገላውን ብንይዝ ይበቃናል፤ ምእመናን ግን በርሜሉን ይወዱታል።

እምብዛም የማንጠይቀው ሌላ ጥያቄ አለ። እነዚህ እኅቶች የወጡት ከምን ዓይነት ኑሮ ነው? ካታሪና ኒምፕሸን የገባችው የዐሥር ዓመት ገደማ ልጅ ሳለች ነው፤ ስትወጣ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። በመካከል ያሉት ዓመታት ያለፉት፣ ባጭሩ ለመናገር፣ በጸሎት ነው። ለወንጌል አማኝ ይህ የሚከብድ መልስ ነው። ሰው ከእስር ቤት ሲያመልጥ ማንም ይገባዋል፤ ሰው ከጸሎት ቤት አመለጠ ስንል ግን ማስረዳት ይጠበቅብናል።

ገዳሙ በጀርመን በሳክሶኒ ምድር፣ በግሪማ ከተማ አጠገብ፣ በሙልደ ወንዝ ዳር ነበር። ስሙ የማርያም ዙፋን ይባላል። ከተመሠረተ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። እኅቶቹ የሲስተርሲያን ማኅበር አባላት ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ከመሳፍንትና ከባላባት ቤተ ሰብ የመጡ ናቸው። መሬት ያነሰው ባላባት ብዙ ሴቶች ልጆች ሲወለዱለት ሁሉንም መዳር አይችልም፤ ስለዚህ አንዷን ወይም ሁለቷን ለገዳም ይሰጣል። ካታሪናም እናቷ ከሞተች በኋላ በአምስት ዓመቷ ገደማ መጀመሪያ ወደ ብሬና ገዳም ተላከች፣ ከዚያ ወደ ኒምፕሸን ተዛወረች። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 8 ቀን 1515 በአሥራ ስድስት ዓመቷ የምንኩስና ስእለቷን ተሳለች።

የሚተዳደሩት ቤኔዲክቶስ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፈው ደንብ ነበር። ይህን ደንብ ያነበበ ሰው ቀኑ በሙሉ በምን ላይ እንደ ተተከለ ወዲያው ያያል። መዝሙረኛው በቀን ሰባት ጊዜ ማመስገኑንና በእኩለ ሌሊት መነሣቱን ይናገራል (መዝ. 119፡62 እና 164)፤ ቤኔዲክቶስ ሁለቱን ጥቅሶች ቃል በቃል ወስዶ የጸሎት ሰዓት አደረጋቸው። ከኦርቶዶክስ ቤት ለመጣን ሰዎች ይህ እንግዳ አይደለም፤ አያቶቻችን ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት እያሉ የቆጠሩት ከዚያው መዝሙር ነው።

በሌሊት፣ በእኛ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ደወል ይደወላል። ደንቡ ልብስ ሳይወልቅ፣ መታጠቂያ ሳይፈታ እንዲተኛ ያዝዛል፤ ደወሉን የሰማች ሁሉ ሳትዘገይ እንድትነሣ ነው። እንቅልፍ የሚያሸንፋቸው ሰበብ እንዳያበዙ፣ እርስ በርስ በቀስታ እንዲቀሰቃቀሱም ይመክራል። ከዚያ በጨለማው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይገባሉ። መዝሙር 95 ደግሞ ሆን ተብሎ በዝግታ እንዲባል ተደንግጓል፤ የዘገየችው እኅት ከመፈጸሙ በፊት እንድትደርስ። ይህን የጻፈው ሰው መንጋ ጠብቆ የሚያውቅ ነው! በእኛ ዘንድ የማለዳ ጸሎት ሲታወጅ በመጀመሪያው ሳምንት አዳራሹ ይሞላል፣ በሦስተኛው ሳምንት መሪውና ጥቂት እናቶች ይቀራሉ። በኒምፕሸን ግን በክረምት በረዶም ቢሆን ሌሊቱ አይታጠፍም ነበር።

መቶ ሃምሳው መዝሙር በአንድ ሳምንት ውስጥ ተዘምሮ ያልቃል፤ በቀጣዩ ሳምንት እንደገና ይጀመራል። አሥራ አራት ዓመት በዚህ መንገድ የኖረች ሴት ዳዊትን ስንት ጊዜ እንደ ደገመችው ማስላት ነው።

በጸሎት መካከል ሥራና ንባብ አለ። እህል ማምረቱንና ከባዱን ሥራ የሚሠሩት ሌሎች ናቸው፤ ባላባቶቹ እኅቶች ዝማሬ፣ ንባብ፣ የመርፌ ሥራ፣ የቤት አስተዳደር ይይዛሉ። በማዕድ ጊዜ አንዷ ታነባለች፣ ሌሎቹ ዝም ብለው ይበላሉ፤ ጨው የፈለገች በእጅ ምልክት ትጠይቃለች። በዐቢይ ጾም መግቢያ ለእያንዳንዷ አንድ መጽሐፍ ይታደላል፤ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ግዴታዋ ነው። ለታመሙት የተለየ ክፍል ነበር። የካታሪና አክስት ማግዳሌና ፎን ቦራ በዚያ ክፍል ታገለግል እንደ ነበር ይነገራል። ዘመድ ሊጠይቅ ሲመጣ ግን በፍርግርግ መስኮት በኩል ነው የሚነጋገረው።

እንግዲህ ችግሩ የት ነበር? መዝሙር መዘመሩ አይደለም። ዝማሬው በላቲን ነው፤ ቃሉን በአፏ ይዛ ትርጉሙን ግማሽ ብቻ የምታውቅ እኅት ጥቂት አልነበረችም። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ጸሎቱ ሒሳብ ሆኖ መቆጠሩ ነው። ባላባቱ መሬት ይሰጣል፣ እኅቶቹ ስለ ሞቱ ዘመዶቹ ነፍስ ይጸልያሉ። ስእለቱም ከጥምቀት የሚልቅ የመዳን መንገድ ተደርጎ ይሰበክ ነበር። በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ከገዳም ሌላ ቤት ሳታውቅ፣ ዕድሜ ልኳን የሚያስር ቃል የሰጠች ልጅ በነፃ ፈቃዷ ሰጠች ማለት ለእኛ ይከብደናል።

ሉተር እ.ኤ.አ. በ1521 ስለ ምንኩስና ስእለት የጻፈው መጽሐፍ የነካው ይህንን ነው። ሰው በክርስቶስ በማመን ብቻ ይጸድቃል ከተባለ፣ ለመዳን ተብሎ የተሳሉት ስእለት ኅሊናን ሊያስር አይችልም አለ። ጽሑፎቹ በግንቡ አልፈው ኒምፕሸን ደረሱ። እኅቶቹ መጀመሪያ ያደረጉት ለወላጆቻቸውና ለዘመዶቻቸው መጻፍ ነበር፤ ወደ ቤት ውሰዱን ብለው ለመኑ። ቤተ ሰቦቹ እምቢ አሉ። ወደ ሉተር ልመናቸው የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። መነኩሲትን ከገዳም ማስወጣት በዚያ ዘመን በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ስለ ነበር፣ ኮፐ ሕይወቱን አስይዞ ነው ሠረገላውን የነዳው።

ከአሥራ ሁለቱ ሦስቱ ወደየቤታቸው ሄዱ፤ ዘጠኙ ዊተንበርግ ደረሱ። ሉተር በዚያው ወር ደናግል ገዳምን ስለ መተዋቸው ምክንያቱን ጽፎ አሳተመ፤ በስውር የሆነውን በገሃድ አደረገው።

ከጸሎት ሸሽተው ነበር እንዳንል የኋላ ኑሯቸው አይፈቅድልንም። ካታሪና እ.ኤ.አ. ሰኔ 13 ቀን 1525 ሉተርን አገባች። ባዶ የነበረውን የዊተንበርግ ገዳም ተረክባ ልጆች፣ ተማሪዎች፣ እንግዶችና ድውያን የሚያድሩበት ቤት አደረገችው፤ ቢራ ጠመቀች፣ ከብት አረባች፣ አትክልት ተከለች። ገና ሳይነጋ ትነሣ ስለ ነበር ሉተር የዊተንበርግ የንጋት ኮከብ ይላት ነበር ይባላል። እንደ እኛ ግምት ያ አነሣስ የኒምፕሸን ደወል ያስለመዳት ነው። አክስቷ ማግዳሌናም ኋላ ወደዚያው ቤት መጥታ ልጆቹን አሳደገች፣ የታመመውን አስታመመች፤ እ.ኤ.አ. በ1537 በዚያው ዐረፈች። የሉተር የነፍስ አባት የነበረው የዮሐን ፎን ሽታውፒትስ እኅት፣ ከዘጠኙ አንዷ የሆነችው ማግዳሌና፣ በግሪማ የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነች። ከገዳሙ ብዙ ሳትርቅ፣ ገዳሙ ያስተማራትን ንባብ ለከተማው ሴቶች ልጆች ሰጠች።

ዝማሬውም አልጠፋም። በእነዚያው ዓመታት በፖሜራኒያ ከሚገኝ ሌላ ገዳም ኤልሳቤጥ የምትባል መነኩሲት ወጥታ ወደ ዊተንበርግ መጣች፤ የሉተር ተማሪ የነበረውን ካስፓር ክሩሲገርን አገባች። ክርስቶስን የአብ አንድያ ልጅና የንጋት ኮከብ እያለች በጀርመንኛ የጻፈችው መዝሙር እ.ኤ.አ. በ1524 በኤርፉርት በታተመ የመዝሙር መጽሐፍ ወጣ። መነሻው በገዳማት ሲዘመር የኖረ የላቲን የልደት መዝሙር እንደ ሆነ ይታመናል። ጀርመናውያን ወንጌላውያን ዛሬም ይዘምሩታል።