ስለ ጌዴኦ ትክል ድንጋዮችና በጨለማ ክፍል ስለሚታጠብ ፎቶግራፍ

ከዲላ ከተማ ወዲያና ወዲህ የሚገኙትን የጌዴኦ ትክል ድንጋዮች የውጭ አገር ሊቃውንት ያወቋቸው በመጽሐፍና በፎቶግራፍ ነው። የካፑቺን ማኅበር መነኩሴ አባ አዛይስ ከባልደረባቸው ከሻምባር ጋር በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደቡብ ኢትዮጵያን ተዘዋውረው ያገኙትን በ1931 በፓሪስ ሲያሳትሙ፣ ከመጽሐፉ ጋር አንድ የሥዕል ጥራዝ አወጡ። በ1934 እና በ1935 ደግሞ በአዶልፍ የንሰን መሪነት የመጣው የፍራንክፈርት የፍሮቤኒዩስ ተቋም ጓድ ከካሜራው ሌላ አልፍ ባይርለ የተባለውን ሠዓሊ ይዞ ነበር። የሠዓሊ እጅ ዓይኑ የመረጠውን ይጽፋል፤ ፊልም ግን አንሺው ልብ ያላለውን ጭምር፣ የእንሰቱን አጥርና የድንጋዩን ዝመት ሁሉ ይቀበላል።

በፊልም ላይ ያለው የብር ጨው ብርሃን ሲነካው ይለወጣል። በጨለማ ክፍል በመድኃኒት ሲነከር የተለወጠው ጥቁር ብር ሆኖ ይቀራል፤ ያልተለወጠው በሌላ መድኃኒት ሟሙቶ ይወገዳል። አማርኛችን ይህን ሥራ «ፎቶ ማጠብ» ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በመጨረሻ ውኃው ካነሰ መድኃኒቱ በወረቀቱ ቀርቶ ሥዕሉን ያበላሸዋልና። እንግዲህ ኔጋቲቭ ማለት ያን ቀን ከድንጋዩ የመጣውን ብርሃን ራሱ የተቀበለ ዕቃ ነው።

በ2021 የታተመ ጥናት የሳካሮ ሶዶን ትክል ድንጋዮች ዕድሜ በከሰል መርምሮ እስከ አንደኛው መቶ ዓመት ምሕረት አደረሰው። ነገር ግን በጨልባ ቱቲቲ ወድቀው ከሚታዩት ብዙ ድንጋዮች የትኛው ከመቶ ዓመት በፊት ቆሞ እንደ ነበረ ከሰል አይነግረንም። ይህን የሚመሰክረው የቆየ ፎቶግራፍ ነው። እሱም ቢሆን በመጽሐፍ የታተመው ሥዕል በነጠብጣብ የተሠራ ስለሆነ ጥልቀት የሌለውን ቅርጽ ይውጠዋል፤ ባለሙያ ከኔጋቲቩ እንደገና ሲያትመው በጥላ ውስጥ የጠፋው መስመር ሊወጣ ይችላል።

የፍሮቤኒዩስ ተቋም የሥዕል መዝገብ በዲጂታል መልክ መታየቱ ለዲላ ተማሪ ታላቅ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ቅጂ ቀጂው በወሰነው መጠንና ድምቀት የተወሰነ ነው፤ የተሻለ መሣሪያ በመጣ ጊዜ መመለሻው ኔጋቲቩ ብቻ ነው። ስለዚህ «ቅጂው ካለ ኔጋቲቩ ምን ያደርጋል» የሚለውን አሳብ፣ በተለይም ሥፍራው በ2023 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ፣ አንቀበለውም።

የኔጋቲቩ ማኅደርም አይጣል። በቀድሞ ጽሑፎች ሕዝቡ «ደራሳ»፣ አገሩም «ሲዳሞ» ተብሎ ስለሚገኝ፣ «ጌዴኦ» ብሎ ብቻ የሚፈልግ ተማሪ የቀድሞውን ሥዕል ሳያገኘው ሊያልፍ ይችላል።