የጥንት ታሪክ መማሪያ መጽሐፍ አመራረጥ



በአንዳንድ አገሮች ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ሳይልኩ በቤታቸው እንዲያስተምሩ ሕግ ይፈቅድላቸዋል። በእንግሊዝ አገር በ1944 የወጣው የትምህርት ሕግ፣ ወላጅ ልጁን በትምህርት ቤት ወይም በሌላ መንገድ እንዲያስተምር ግዴታ በመስጠቱ፣ ለቤት ትምህርት በር ከፍቷል። በአሜሪካም ከ1993 ወዲህ በሃምሳውም ግዛቶች የተፈቀደ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በእነዚህ አገሮች ጥቂት ቤተሰቦች በማኅበር ተሰብስበው፣ ከሳምንቱ አንዱን ቀን መርጠው፣ ልጆቻቸውን በአንድነት የማስተማር ልማድ አላቸው። አንዱ ወላጅ ሒሳብ፣ ሌላው ሳይንስ፣ ሌላው ታሪክ ይይዛል። የጥንት ታሪክን የተረከበው ወላጅ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ፣ ሁሉም የሚመሩበት ዋና መጽሐፍ የትኛው ይሁን የሚል ነው። ይህም ጥያቄ የባዕድ አገር ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይምሰለን። ከመሥሪያ ቤቱ ተመልሶ ማታ ልጁን የሚያስጠና አባት፣ ከመጻሕፍት መደብር ገብታ ለልጇ የታሪክ መጽሐፍ የምትገዛ እናት፣ ይኸው ጥያቄ ሳይታወቃቸው በእጃቸው ነው።

ዋና መጽሐፍ አንድ መሆኑ ተገቢ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ልጅ ከየመጽሐፉ ቁርጥራጭ ቢማር፣ የግብፅን ፒራሚድ ያውቃል፤ ታላቁን እስክንድርንም ያውቃል፤ ነገር ግን ታላቁ ፒራሚድ ከእስክንድር ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዓመት ያህል እንደሚቀድም አያውቅም። የዘመንን ቅደም ተከተል የሚያስይዘው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚነበብ አንድ መጽሐፍ ነው።

ታዲያ የትኛው? ብዙዎች የሚመርጡት አተራረኩ ያማረውን ነው። ለምሳሌ ኤርንስት ጎምብሪክ የተባለው ሊቅ በ1935፣ ገና የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሳለ፣ በቪየና ያሳተመው አጭር የዓለም ታሪክ ልጁን ፊት ለፊት እንደሚያነጋግር ሰው ሆኖ የተጻፈ በመሆኑ እስከ ዛሬ ይነበባል። አሜሪካዊው ጀምስ ሄንሪ ብሬስተድም በ1916 «የጥንት ዘመናት» የተባለውን መጽሐፍ ሲያወጣ፣ ከሜሶጶጣሚያ እስከ ፍልስጥኤም የተዘረጋውን ምድር «ለም ጨረቃ» ብሎ በመጥራቱ፣ ስሙ በዓለም ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተለምዷል። የጽሑፍ ውበት ለልጅ ታላቅ ነገር ነው፤ የሚያንቀላፋ ልጅ ምንም አይማርምና። ነገር ግን ውበት ብቻውን አይበቃም። መጽሐፉ በሦስት ነገር መፈተን ይገባዋል።

የመጀመሪያው ፈተና ዘመኑ ነው። የጥንት ታሪክ ያረጀ ነገር ቢሆንም ዕውቀቱ ግን ዘወትር አዲስ ነው። በ1916 የተጻፈ መጽሐፍ፣ ሃዋርድ ካርተር በ1922 ያገኘውን የቱታንካሙንን መቃብር ሊያውቅ አይችልም። ጆን ማርሻል በ1924 ለዓለም ያስታወቃቸውን የኢንደስ ሸለቆ ጥንታውያን ከተሞች፣ ሃራፓንና ሞሄንጆ ዳሮን፣ በውስጡ አናገኛቸውም። እንግሊዛዊው የሕንፃ ሥራ ባለሙያ ማይክል ቬንትሪስ የጥንቱን የክሬትና የሚኬኔ ጽሕፈት ፈትቶ ቋንቋው ግሪክኛ መሆኑን ለሕዝብ የገለጠው በ1952፣ ያውም በሬዲዮ ንግግር ነበር። ስለዚህ ገዢው ከሥዕሉና ከሽፋኑ በፊት የታተመበትንና የታረመበትን ዓመት ይመልከት።

ሁለተኛው ፈተና የቀረው ሕዝብ ነው። ያው ብሬስተድ በ1926 ባሳተመው ሌላ መጽሐፍ፣ የሥልጣኔን ዕድገት ለነጭ ዘር ብቻ ሰጥቶ፣ ጥቁሩን ሕዝብ ከታሪክ ውጭ አድርጎታል። ይህ አስተሳሰብ በመጽሐፍ ላይ ብቻ ሳይወሰን በቁፋሮ ሜዳም ታይቷል። ጆርጅ ራይዝነር ከ1913 እስከ 1916 በሱዳን ምድር ኬርማ በተባለው ስፍራ ታላላቅ መቃብሮችን ሲቆፍር፣ የግብፃውያን አገረ ገዢዎች መቃብር መሰሉት። ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርመራ፣ ይልቁንም ሻርል ቦኔ የተባለው የስዊስ ሊቅ ብዙ ዓመታት በደከመበት ቁፋሮ፣ ኬርማ የኩሽ ነገሥታት ዋና ከተማ እንደነበረች ተረጋግጧል። እንግዲህ ገዢው የመጽሐፉን የስም ማውጫ ገልጦ ኩሽን፣ አክሱምን፣ ኢንደስን ይፈልግ። ስማቸው ከሌለ፣ ወይም በአንድ መስመር ብቻ ታልፈው እንደሆነ፣ ልጁ የጥንቱ ዓለም ከግሪክና ከሮም ውጭ ባዶ ነበር ብሎ ያድጋል። በልጅነት የተያዘ ግምት ደግሞ በጎልማሳነት በቀላሉ አይለቅም።

ሦስተኛው ፈተና ማስረጃው ነው። መልካም መጽሐፍ የሆነውን ከመናገሩም በላይ በምን እንደ ታወቀ ያሳያል። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በአራተኛው መቶ ዓመት ያስቀረጸው ድንጋይ የንጉሡን ዘመቻ በግሪክ ቋንቋና በግዕዝ ቋንቋ ይናገራል፤ ግዕዙም በግዕዝ ፊደልና በሳባ ፊደል ተጽፏል። ከገንዘቦቹም የቀደሙት የጨረቃና የፀሐይ ክብ ምልክት ሲኖራቸው፣ የኋለኞቹ መስቀል አላቸው። ሕፃኑ ሁለቱን ገንዘቦች ጎን ለጎን አይቶ «ንጉሡ ሃይማኖቱን ለወጠ ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የታሪክን ሥራ መሥራት ጀምሯል። ዓመትና ስም ብቻ የሚያስቆጥር መጽሐፍ ይህን ጥያቄ አያስነሣም።

የኔ አስተያየት እንደሚከተለው ነው። ዋናው መጽሐፍ ዕውቀቱ የታደሰ፣ አሕዛብን ያልነፈገ፣ ማስረጃውን የሚያሳይ ይሁን፤ አተራረኩ ከአሮጌዎቹ ጥቂት ቢያንስ እንኳ ይመረጥ። አሮጌዎቹ ውብ መጻሕፍትም አይጣሉ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንደሚባለው፣ በምሽት ድምፅን ከፍ አድርጎ ለማንበብ ይሁኑ፤ ስሕተት ካለበት ገጽ ሲደርሱም ወላጁ ቆም ብሎ፣ «ይህ ከተጻፈ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ተገኝቷል» ብሎ ያርም። ስለ አፍሪካ ለመምህሩ ንባብ፣ ዩኔስኮ በ1981 በእንግሊዝኛ ያወጣው የአፍሪካ ታሪክ ሁለተኛ ቅጽ ይረዳል።

በመጨረሻም ማኅበሩ ለሁሉም ልጆች መጽሐፍ ከማዘዙ በፊት አንድ ቅጂ ብቻ ገዝቶ፣ ስለ ዓባይ ሸለቆ የሚናገረውን ምዕራፍ ለልጆቹ ያንብብላቸው። በሦስቱ ፈተናዎች ይመዝነው፤ ልጆቹም ምን እንደሚጠይቁ ያድምጥ። ለዚህ የሚጠፋው ጊዜ አንድ ምሽት ነው፤ መጽሐፉ ግን ከልጁ ጋር ዓመት ሙሉ ይቀመጣል።