ኡሁራ የየት አገር ሰው ነበረች?

«ስታር ትሬክ» የተሰኘው ተከታታይ ፊልም በአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው በሴፕቴምበር 1966 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያው ተከታታይ ሦስት ዓመት ብቻ ቆይቶ በ79 ክፍሎች ተቋረጠ። አድናቂዎቹ ግን አልተዉትም። በሲኒማም በቴሌቪዥንም እየተወለደ፣ ተዋናይ እየቀያየረ፣ ይኸው ስድሳ ዓመት ሊደፍን ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው በ23ኛው ክፍለ ዘመን፣ ኢንተርፕራይዝ በተባለች የጠፈር መርከብ ላይ ነው። በመርከቧ ማዘዣ ክፍል ውስጥ የጃፓን ዝርያ ያለው መኮንን አለ፣ ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ አለ፣ ቆይቶም ሩሲያዊ ተጨምሯል። የመገናኛ ኃላፊዋ ደግሞ ጥቁር ሴት ናት፤ ሌተናንት ኡሁራ። የተጫወተችው ኒሼል ኒኮልስ ትባላለች። በአሜሪካ የጥቁሮችን የመምረጥ መብት የሚያስከብረው ሕግ ከወጣ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። በዚያ ዘመን በቴሌቪዥን የሚታዩ ጥቁር ሴቶች በአብዛኛው የቤት ሠራተኛ ሆነው ነበር የሚቀርቡት።

ስሟ ከስዋሂሊ «ኡሁሩ» የመጣ ነው፤ ነፃነት ማለት ነው። ኒኮልስ እንደተናገረችው፣ ለፈተና የቀረበች ቀን በእጇ ይዛው የነበረው መጽሐፍ ርዕሱ ይኸው ቃል ነበር፤ የፊልሙ ፈጣሪ ጂን ሮደንቤሪም ወደደውና ለገጸ ባሕርይዋ ስም አደረገው። ከስሟ ይልቅ የሚያስገርመው ግን አገሯ ነው። ለደራሲዎቹ በተዘጋጀው ማብራሪያ ላይ ኡሁራ ኬንያዊት ወይም ጋናዊት አይደለችም። የተወለደችው «በተባበሩት የአፍሪካ መንግሥታት» ነው። አንድ አገር፣ አንድ መንግሥት።

ይህ አገር የሆሊውድ ፈጠራ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከሦስት ዓመት በፊት፣ አዲስ አበባ ላይ፣ በስብሰባ ጠረጴዛ ዙሪያ በቁም ነገር ተጠይቆ ነበር።

ከለገሃር ተነስቶ ስታዲየሙን አልፎ፣ መስቀል አደባባይን ተሻግሮ ወደ ካዛንቺስ አቅጣጫ ሽቅብ የሚሄድ ሰው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው አፍሪካ አዳራሽ ይደርሳል። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው ይህ ሕንፃ የተመረቀው በ1961 ነው። በሜይ 1963 የአፍሪካ መሪዎች እዚያ ተሰበሰቡ። የጋናው ክዋሜ ንክሩማ ለአፍሪካ አንድ የጋራ መንግሥት ይቋቋም ሲሉ ተሟገቱ። ዋና ከተማውን እንኳ አስበውበታል፤ ባንጊ ወይም ሊዮፖልድቪል ይሁን ብለዋል። አብዛኞቹ መሪዎች ግን አልተከተሏቸውም። አስተናጋጁ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ አንድነቱ የመጨረሻ ግብ መሆኑን ተቀብለው፣ የመሸጋገሪያ ጊዜ ግድ ነው ባዮች ነበሩ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. 32 አገሮች የፈረሙት ቻርተር የየአገሩን ሉዓላዊነት የሚያስከብር ድርጅት አቋቋመ እንጂ አንድ አገር አልፈጠረም።

በአዳራሹ መግቢያ ላይ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ይህን ሁሉ ያየ ምስክር ነው። ሥራው ሦስት ክፍል አለው፤ ያለፈው፣ ያለውና የሚመጣው። 150 ካሬ ሜትር ገደማ በሚሸፍነው በዚህ ሥራ ውስጥ መጪው ዘመን በሕንፃ ወይም በማሽን አልተመሰለም፤ ሰዎች ናቸው፣ የየአገራቸውን ልብስ የለበሱ ሰዎች።

ንክሩማ አዲስ አበባ ላይ ያላገኙትን አገር የሎስ አንጀለስ ደራሲዎች በወረቀት ላይ መሠረቱት ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ግን እዚያም ከወረቀት አላለፈም። በመጀመሪያው ተከታታይ 79 ክፍሎች ውስጥ የኡሁራ አገር አይጠራም። ሙሉ ስሟም ቢሆን የለም፤ በስዋሂሊ ኮከብ ማለት የሆነው «ኒዮታ» የሚለው መጠሪያዋ በፊልም ላይ የተሰማው በ2009፣ ተራው የዞዪ ሳልዳኛ ሲሆን ነው። ኒኮልስ ብዙውን ጊዜ የሚሰጣት ንግግር የመገናኛ መስመሩ ክፍት መሆኑን ለአዛዡ መንገር ብቻ ነበር። የስልክ ኦፕሬተር አደረጓት ያሉ ተቺዎች አልተሳሳቱም። እሷም ተሰላችታ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ለመልቀቅ ደብዳቤዋን አስገብታ ነበር።

ያቆያት አንድ አድናቂ ነው። ኒኮልስ በተደጋጋሚ እንደተረከችው፣ በዚያው ሰሞን በአንድ ዝግጅት ላይ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር ተገናኘች። ኪንግ ፊልሙን ከቤተሰባቸው ጋር እንደሚከታተሉ ነገሯት። ልትለቅ መሆኑን ስትነግራቸው ግን ተቃወሙ፤ ቦታው በሌላ ሰው ሊሞላ እንደሚችል፣ ጥቁሮች በመጪው ዘመን ውስጥ ታይተው እንደገና መጥፋት እንደሌለባቸው አስረዷት። ደብዳቤዋን መልሳ ወሰደች።

ከዚህ በኋላ ያደረገችው ነገር ከትወናዋ ይበልጣል። ፊልሙ ተቋርጦ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ አዲስ ጠፈርተኞች ሲፈልግ፣ ለምን እኛን የሚመስሉ ሰዎች የሉበትም ብላ ፊት ለፊት ጠየቀች። ድርጅቱ በ1977 የምልመላውን ቅስቀሳ ለእሷ ሰጣት፤ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ እየዞረች ሴቶችንና ጥቁሮችን አመልክቱ አለች። በቀጣዩ ዓመት ከተመረጡት 35 እጩዎች ስድስቱ ሴቶች፣ ሦስቱ ጥቁሮች ነበሩ። ሁሉም በእሷ ጥረት መጡ ማለት ማጋነን ነው። ያለ እሷ ግን ስንቱ አመልካች ሊቀር ይችል እንደነበር መገመት አይከብድም። በ1992 ወደ ጠፈር የወጣችው የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሜይ ጀሚሰን በልጅነቷ ኡሁራን እያየች ማደጓን ትናገራለች። በቀጣዩ ዓመትም በስታር ትሬክ አንድ ክፍል ውስጥ አጭር ሚና ይዛ ቀረበች። ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ እውነተኛ ጠፈርተኛ ናት።

ባለቤት ያልጮኸበትን ጎረቤት አይረዳም ይባላል። ኒኮልስ የተሰጣትን ትንሽ ቦታ እንደ ስጦታ ሳይሆን እንደ ዕዳ ሰነድ ያዘችው። ፊልሙ እኛ እዚያ እንዳለን አሳይቷልና እንግዲህ ክፈሉ አለች። የስታር ትሬክ ትልቁ ታሪክ የተሠራው ከካሜራው ውጭ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

የተባበረችው አፍሪካ ጉዳይ ግን በፊልሙም በአዲስ አበባም አልተዘጋም። በ1987 በጀመረው ሁለተኛው የቴሌቪዥን ትውልድ የመርከቧ ዋና መሐንዲስ ጆርዲ ላ ፎርጅ ነበር። የተጫወተው ሌቫር በርተን ነው፤ ከአሥር ዓመት በፊት «ሩትስ» በተባለው ፊልም ባሪያ ተደርጎ የተጋዘውን ኩንታ ኪንቴን የሆነው ወጣት። በታሪኩ መሠረት ላ ፎርጅ የተወለደው በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን፣ ሶማሊያ፣ ሞቃዲሾ ውስጥ ነው። ተከታታዩ እየታየ ባለበት ወቅት እውነተኛዋ ሞቃዲሾ በጦርነት ትፈርስ ነበር። አሜሪካዊው ተመልካች በዜና የሚያያት ከተማ አንድ ቀን የጠፈር መሐንዲስ የምታፈራ ከተማ መሆኗን የነገረው ይህ ፊልም ነው።

ኮንፌዴሬሽን የሚለው ቃል ከጊዜ በኋላ ባሕር ዳር ላይ ተደገመ። በጃንዋሪ 2014 የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀመንበር ንኮሳዛና ድላሚኒ ዙማ እዚያ በተካሄደ የኅብረቱ ስብሰባ ላይ አንድ ደብዳቤ አቀረቡ። የተላከው በ2063 ነው ተብሎ የታሰበ ኢሜይል ነው፤ ተቀባዩ ክዋሜ ይባላል። ጸሐፊዋ ጣና ዳር ተቀምጣ የአፍሪካ መንግሥታት ኮንፌዴሬሽን እንዴት እንደተቋቋመ፣ ፈጣን ባቡር አህጉሩን እንዴት እንዳገናኘ ትተርካለች። ይህ ምንድን ነው ቢባል መልሱ አንድ ነው፤ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ። በፌብሩዋሪ 2022 ደግሞ ኅብረቱ ስዋሂሊን የሥራ ቋንቋው አደረገ። የኡሁራን ስም ያወጣው ቋንቋ ከጉባኤው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጠ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ኒኮልስ በ89 ዓመቷ አረፈች።

እንግዲህ አዲስ አበባ መጪውን ዘመን የማለም ችግር የለባትም። ጎደለ ከተባለ የጎደለው ሌላ ነው።

ለገሃር የሚለው ስም ባቡር ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው የመጣው። ጣቢያው በ1929 ሲጠናቀቅ ለከተማው ሰው ስታር ትሬክን ያህል እንግዳ ነገር ነበር። ካዛንቺስም ጣሊያን ለሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች የተረፈ ስም ነው። ሁለቱም የሌላ ሰው ዕቅድ ነበሩ። ሰዉ ገብቶ ኖረባቸው፣ ስማቸውን በራሱ አፍ አለዘበው፣ ሰፈር አደረጋቸው።

በ2018 የኤምሬትሱ ኢግል ሂልስ ኩባንያ ለገሃር ላይ የሚገነባው አዲስ ከተማ ይፋ ሲሆን ነዋሪዎቹ እዚያው አካባቢ ቤት እንደሚሠራላቸው ተነግሮ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደግሞ የታደሰው አፍሪካ አዳራሽ በድምቀት ተመረቀ፤ በዚያው ሰሞን የካዛንቺስ ነዋሪዎች ለኮሪደር ልማት ቤታቸውን እየለቀቁ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዱ ነበር። ከተማ መለወጡ አይቀርም። ያረጀ ቤት ይቅርና ያረጀ ድርጅትም ተቀይሯል። ጥያቄው በግንባታ አጥር ላይ በተለጠፈው ምስል ውስጥ የሚታዩት ሰዎች እነማን ናቸው የሚል ነው። ፎቆቹ አሉ፣ መብራቱ አለ፣ የሚራመዱ ጥላዎችም አሉ። ጀበና ጥዳ ልጆች ያሳደገችው የካዛንቺስ እናት ግን የትኛው ፎቅ ላይ ናት? ጡረታ የወጣው የምድር ባቡር ሠራተኛስ?

የሆሊውድ ደራሲዎች ኡሁራን ከእነ ድክመታቸው ስም ሰጧት፣ ማዕረግ ሰጧት፣ ወንበር ሰጧት። ኒኮልስ ለመጠየቅ የቻለችው ያ ወንበር ስለነበረ ነው። የለገሃርና የካዛንቺስ ሰውም የመጪዋን አዲስ አበባ ሥዕል ሲያይ ወንበሩን ፈልጎ ማግኘት አለበት፤ ካጣውም የት አደረሳችሁት ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።