በማክሮ የገጸ ባሕርያትን አንደበት መዋስ

በኮምፒውተር መረብ በሚካሄዱ የትወና ጨዋታዎች የጨዋታው መሪ ሽማግሌውንም፣ ወታደሩንም፣ ሌባውንም ሆኖ ይናገራል። ሁሉም ንግግር በመሪው ስም ከወጣ ተጫዋቾቹ ማን ምን እንዳለ ይምታታባቸዋል። በጃቫ የተጻፈውና በነጻ የሚታደለው ማፕቱል የተባለው ፕሮግራም ለዚህ ሁለት መንገድ አለው።

አንደኛው፣ መሪው አንዱን ገጸ ባሕርይ «ለብሶ» እስኪያወልቀው ድረስ በእሱ ስምና ምስል መጻፍ ነው። ለረጅም ንግግር ያመቻል፤ ማውለቁ ከተረሳ ግን የመሪው ማብራሪያ ከሌባው አፍ ይወጣል፤ ምስጢርም ሊያባክን ይችላል።

ሁለተኛው ማክሮ፣ ማለትም በአንድ ቁልፍ ሥር የተቀመጠ ትእዛዝ ነው። ማክሮው በገጸ ባሕርዩ ምልክት ላይ ከተቀመጠ፣ ቁልፉ ሲጫን የተጻፈው ንግግር ብቻ በእሱ ስም ይወጣል፤ መሪው ወዲያው ወደ ቀድሞ ስሙ ይመለሳል። ብዙዎች በሚነጋገሩበት ትዕይንት ይኸኛው ይመረጣል።