ስለ ንያኩሮን የቴአትር አዳራሽ

በጁባ ከተማ ንያኩሮን በሚባለው ሠፈር ያለው የባህል ማእከል የትውልዱ ነገር ከአዲስ አበባ ጋራ የተያያዘ ነው። የሱዳን መንግሥትና የደቡብ ተዋጊዎች የካቲት 19 ቀን 1964 ዓ.ም. በዚሁ በከተማችን የሰላም ውል ተፈራረሙ፤ ለደቡብም የራሱ አስተዳደር ተሰጠው። አዳራሹ የተሠራው በዚያ የሰላም ዘመን ሲሆን፥ የተለያዩ ነገዶች ዘፈናቸውንና ጭፈራቸውን ይዘው ከአንድ መድረክ ላይ እንዲገናኙበት የታሰበ ነበር።

ሰላሙ ግን ከዐሥራ አንድ ዓመት አልዘለለም። በ1975 ዓ.ም. ጦርነቱ እንደ ገና ተነሣ፤ ብዙ ሕዝብም ወደ ካርቱም ተፈናቀለ። የሚያስደንቀው፥ ቴአትሩ ከሕንጻው ጋራ አለመቅረቱ ነው። ተፈናቃዮቹ በካርቱም ኩዎቶ የተባለ የቴአትር ቡድን አቋቁመው የየነገዱን ዘፈንና ተረት በስደት ላይ ሳሉ ይጫወቱ ነበር።

ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ዓመት ሳይሞላ፥ ተዋንያኗ ሎንዶን ሄደው በግሎብ ቴአትር የሼክስፒርን «ሲምበሊን» ተጫወቱ። ድርሰቱ ለሮም ግብር አልከፍልም ስላለ ንጉሥ የሚናገር ነውና ምርጫው ያለ ነገር አይመስለኝም። የተጫወቱበትም ቋንቋ የጁባ ዐረብኛ ነው፤ እኛ መምህራን በክፍል ውስጥ እንደ ስሕተት የምናርመው ዐይነት፥ ገበያ ያሳደገው ቋንቋ።