ከደም ጋር የተስማማው ካርቦን

በአሜሪካ ስለሚገኙት ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል የሕክምና መሣሪያ ሥራ ሲነሳ ወሬው ሁልጊዜ ከአንድ ጋራዥ ይጀምራል። ኧርል ባከንና የጋብቻ ዘመዱ ፓልመር ሄርመንድስሊ እ.ኤ.አ. በ1949 በዚያ ጋራዥ ሜድትሮኒክን ሲያቋቁሙ የሆስፒታል ዕቃ ጠጋኞች ነበሩ። ኦክቶበር 31 ቀን 1957 ሚኒያፖሊስ መብራት ጠፋባት። የልብ ምት መቆጣጠሪያዎቹ የሚሠሩት በግድግዳ ኤሌክትሪክ ነበርና ዝነኛው የልብ ቀዶ ሐኪም ዋልተን ሊለሃይ በባትሪ የሚሠራ እንዲሠራለት ባከንን ጠየቀው። ባከን ከአንድ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት የሜትሮኖም ንድፍ ወስዶ በአራት ሳምንት ሠርቶ አመጣለት።

ባትሪው የሚገባውን ምስጋና አግኝቷል። መሣሪያው ከደረት ውጭ ተንጠልጥሎ ሳለ ያልነበረ ጣጣ ግን ወደ ውስጥ ሲገባ መጣ፤ ሰውነት እንግዳ አይወድም። ደም ባዕድ ነገር በነካ በሰከንዶች ውስጥ ፕሮቲኖች ይለጠፉበታል፤ ሕዋሳት ደርሰው የሚያገኙት ያንን የፕሮቲን ንጣፍ ነው። የዕቃው ዕጣ የሚወሰነው እንግዲህ በገጹ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ በሰውነት ውስጥ የሚቀበሩ መሣሪያዎች በኢፖክሲ ይታሸጉ ነበር፤ እርጥበት ግን ቀስ እያለ ይሰርጋቸዋል። በ1970ዎቹ ኢፖክሲው በቲታኒየም ተተካ። ቲታኒየም አየር ሲነካው ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሚሆን የኦክሳይድ ሽፋን በራሱ ያበቅላል። ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ማንም ያልነደፈው ይህ ስስ ሽፋን ብረቱን ከዝገት ይጠብቀዋል።

ደም በየደቂቃው የሚመላለስበት የልብ ቫልቭ ግን የባሰ ፈተና ነበር፤ መፍትሔው ደግሞ ካልታሰበ ቦታ መጣ። በሊለሃይ ሥር የሠለጠነው ቪንሰንት ጎት በ1960ዎቹ ግራፋይትና ሄፓሪን የተባለ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የተቀባ ገጽ ደም እንዳይረጋ እንደሚረዳ አየ። በሳንዲያጎ ደግሞ ጃክ ቦክሮስ ለኑክሌር ነዳጅ ቅንጣቶች የካርቦን ሽፋን ይሠራ ነበር። የሁለቱ ሥራ ተገናኘና ፒሮሊቲክ ካርቦን ወደ ልብ ገባ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ግራፋይት በቅርጹ ተቆርጦ ከ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በጋለ ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ በውስጡ የሚያልፈው የሃይድሮካርቦን ጋዝ ሲበታተን ካርቦኑ በላዩ ላይ ይጋገራል፤ ከዚያ እንደ መስታወት እስኪለሰልስ ይወለወላል።

ማኑዌል ቪያፋኛ በ1976 ሴንት ጁድ ሜዲካልን ሲመሠርት በዚህ ካርቦን ላይ ተወራረደ። ሁለት ግማሽ ክብ መዝጊያዎች ያሉት ቫልቩ ኦክቶበር 3 ቀን 1977 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በዶክተር ዲሜትሪ ኒኮሎፍ እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ልብ ውስጥ ተተከለ፤ በኋላም በዓለም በብዛት ከተተከሉት ሜካኒካል ቫልቮች አንዱ ለመሆን በቃ። ሆኖም ካርቦን ደምን ሙሉ በሙሉ አላታለለም፤ ሜካኒካል ቫልቭ የተተከለለት ሰው ዕድሜ ልኩን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ይወስዳል፤ ደሙንም ይመረመራል። ይህ ለኢትዮጵያ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ቶንሲል በወቅቱ ባለመታከሙ የልብ ቫልቩ የተጎዳ ወጣት በአገሩ ብዙ ነው፤ ለገጠር ሰው ደግሞ ምርመራው ራሱ መንገድ ነው።

በካርቦን የተሳካለት ኩባንያ በብር ተሰናከለ። በ1997 ሲልዞን የተባለውን ቫልቭ ሲያቀርብ የስፌት ቀለበቱን ጨርቅ በስስ ብር ሸፍኖት ነበር። ብር ባክቴሪያ ይገድላል፤ ቫልቩ ላይ የሚነሳው ኢንፌክሽን ደግሞ ገዳይ ነው፤ ስለዚህ ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም። ነገር ግን ቀለበቱ ከልብ ጋር የሚጣበቀው የታካሚው ሥጋ ወደ ጨርቁ ሲበቅል ነው፤ ብሩ ይህንኑ ፈውስ ሳያውክ እንዳልቀረ ተጠረጠረ። በሲልዞን ላይ በተጀመረ ጥናት በቫልቩ ዙሪያ ደም የሚያፈስባቸው ታካሚዎች በዝተው ስለተገኙ በጃንዋሪ 2000 ምርቱ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እስከዚያ ወደ 36,000 ሰዎች ተተክሎላቸው ነበር። የክሱ ውጤት ግን ወጥ አልሆነም፤ በካናዳ ኦንታሪዮ ፍርድ ቤቱ በ2012 የከሳሾችን ጥያቄ ውድቅ አደረገ።

የአካባቢው ሽፋን ሠሪዎች በዚህ አልቆሙም። በኢደን ፕሬሪ የሚገኘው ሰርሞዲክስ መድኃኒት ቀስ እያለ የሚለቅ ፖሊመር አዘጋጅቶ፣ በ2003 በአሜሪካ ለተፈቀደው ሳይፈር ስቴንት (የጠበበ የደም ሥርን ከፍቶ ለሚይዝ የመረብ ቱቦ) አቀረበ። መድኃኒቱ የደም ሥሩ ተመልሶ እንዳይጠብ አደረገ፤ ፖሊመሩ ግን በዚያው ቀረ፤ ከዓመታት በኋላ በስቴንት ላይ የሚረጋ ደም ሐኪሞችን አሳሰበ። በሜፕል ግሮቭ ትልቅ ማዕከል ያለው ቦስተን ሳይንቲፊክ በ2015 በአሜሪካ ያስፈቀደው ሲነርጂ ስቴንት ሽፋኑ ያለው የደም ሥሩን ግድግዳ በሚነካው ወገን ብቻ ነው፤ መድኃኒቱን ለቆ ሲጨርስ በአራት ወር ገደማ ሟሙቶ ይጠፋል፤ የሚቀረው ባዶ ብረት ነው።