የአማተር ሬዲዮ ሪፒተር ፍሪኩዌንሲን በአካባቢ ደረጃ ስለማቀናጀት
ለደቡብ ጎንደርና ለአጎራባች ዞኖች አመልካቾች የቀረበ ማብራሪያ

በአንበሳሜ፣ በደብረ ታቦር ወይም በወረታ የሚኖር ፈቃድ ያለው የአማተር ሬዲዮ ተጠቃሚ በእጅ በሚያዝ አነስተኛ ሬዲዮ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች በላይ መነጋገር አይችልም። ለዚህ ምክንያቱ የመሣሪያው ኃይል ማነስ ብቻ አይደለም፤ በዚህ የፍሪኩዌንሲ ክልል ያለው የሬዲዮ ሞገድ በአመዛኙ ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ኮረብታና ሸለቆ ያግደዋል። ይህን ችግር ለማቃለል ከፍ ባለ ቦታ ላይ ሪፒተር ይተከላል። ሪፒተር በአንድ ፍሪኩዌንሲ የተቀበለውን ድምፅ በዚያው ቅጽበት በሌላ ፍሪኩዌንሲ መልሶ የሚያሰራጭ ጣቢያ ነው።

ሪፒተር ለመትከል የሚያስቡ ግለሰቦች፣ ክበቦችና የትምህርት ተቋማት አስቀድመው ሊገነዘቡት የሚገባ ጉዳይ አለ። ጣቢያው የሚገኘው በአንድ ወረዳ ቢሆንም ፍሪኩዌንሲውን የሚይዘው ግን ምልክቱ በሚደርስበት አካባቢ ሁሉ ነው። ስለሆነም የፍሪኩዌንሲ ምርጫ የአመልካቹ የግል ውሳኔ ሊሆን አይችልም።

ፈቃድና ኃላፊነት

በኢትዮጵያ የሬዲዮ ስፔክትረምን የማስተዳደር ሥልጣን በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። የአማተር ሬዲዮ ተጠቃሚዎች የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ያላቸው ሲሆን፣ «ኢቲ3ኤኤ» በሚለው የጥሪ ምልክት የሚታወቀው የማኅበሩ ጣቢያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአምስት ኪሎ ግቢ ይገኛል። ማኅበሩ በቴክኒክ ጉዳይ ሊመክር፣ አባላቱንም ሊያስማማ ይችላል፤ ይሁንና የማኅበሩ ስምምነት ፈቃድን አይተካም።

የሌሎች አገሮች አሠራርም ለግንዛቤ ይጠቅማል። በእንግሊዝ የአማተሮች ማኅበር ኮሚቴ የሪፒተር ማመልከቻዎችን በቴክኒክ መርምሮ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያቀርባል። በአሜሪካ ደግሞ ቅንጅቱን የሚሠሩት በየአካባቢው ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ የተቀናጀና ያልተቀናጀ ሪፒተር እርስ በርስ ሲረባበሹ ችግሩን የማስወገድ ቀዳሚ ኃላፊነት የሚወድቀው ባልተቀናጀው ባለፈቃድ ላይ መሆኑን የአገሪቱ ደንብ ይገልጻል።

የሚገኙት ፍሪኩዌንሲዎች ጥቂት ናቸው

ኢትዮጵያ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ክፍፍል መሠረት በቀጣና 1 ውስጥ ትገኛለች። ከ144 እስከ 146 ሜጋ ኸርዝ ያለው ክልል ለአማተርና ለአማተር ሳተላይት አገልግሎት የተመደበ ነው። የዓለም አቀፉ የአማተር ሬዲዮ ኅብረት የቀጣና 1 ዕቅድ ከዚህ ውስጥ ለሪፒተሮች የለየው ግን ጠባብ ክፍል ነው፤ ተጠቃሚው በዝቅተኛዎቹ ቻናሎች ይናገራል፣ ሪፒተሩም በከፍተኛዎቹ ይመልሳል። ለምሳሌ በ145.025 የተነገረው በ145.625 ይሰማል። በሁለቱ መካከል ሁልጊዜ የ600 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት አለ።

ልዩነቱ ያስፈለገው ሪፒተሩ መስማትና መናገርን በአንድ ጊዜ ስለሚያከናውን ነው። ማሰራጫው ከራሱ መቀበያ ጥቂት ሜትሮች ርቆ፣ አንዳንዴም በዚያው አንቴና ላይ ስለሚሠራ ዱፕሌክሰር የሚባለው ማጣሪያ በትክክል ካልተስተካከለ መቀበያውን ያደነቁረዋል። ሪፒተራቸው «አይሰማም» ብለው ኃይል የሚጨምሩ ባለጣቢያዎች ብዙውን ጊዜ ችግሩን የሚያባብሱት በዚህ ምክንያት ነው።

በ12.5 ኪሎ ኸርዝ ርቀት ሲደረደሩ በዚህ ክፍል ጥቂት የቻናል ጥንዶች ብቻ ይገኛሉ። የቆዩና ሰፊ ሞገድ የሚጠቀሙ መሣሪያዎች በ25 ኪሎ ኸርዝ ርቀት ሲሠሩ ግን ጥንዶቹ በግማሽ ይቀንሳሉ። ከ145.800 በላይ ያለው ክፍል ለሳተላይት ግንኙነት የተተወ በመሆኑ በምድር ላይ ለሚተከል ሪፒተር አይጠየቅም።

ጎረቤት ማለት ተራራው የሚያየው ነው

የደቡብ ጎንደርን መልክዓ ምድር እንውሰድ። የጉና ተራራ ከ4 ሺህ 100 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። የጣና ሐይቅ ወለል ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ነው። በ2 ሺህ 300 ሜትር ልዩነት ሲሰላ ከተራራው ጫፍ የሚነሣ ሞገድ በመካከሉ የሚጋርደው ነገር ከሌለ በሐይቁ ዙሪያ ባለው ሜዳ አቅጣጫ እስከ 200 ኪሎ ሜትር ሊዘልቅ ይችላል። ባሕር ዳር ከጉና በቀጥታ መስመር ከ100 ኪሎ ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ ትገኛለች።

ወደ ደቡብ ሲታይ ከዓባይ ሸለቆ ማዶ በምሥራቅ ጎጃም የጮቄ ተራራ አለ፤ ወደ ምሥራቅ ደግሞ በሰሜን ወሎ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ አለ። ሁለቱም ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ሲሆኑ ከጉና ያላቸው ርቀት ከ150 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። በመሆኑም በጉና ላይ የተተከለ ሪፒተርና በጮቄ ላይ የተተከለ ሪፒተር በአስተዳደር ወሰን በተለያዩ ዞኖች ቢሆኑም በሬዲዮ አንድ ሠፈር ናቸው። ተመሳሳይ ጥንድ ቢመርጡ በሁለቱ መካከል ያለ ተጠቃሚ አንድ ጊዜ ሲናገር ሁለቱንም ያስነሣል፤ አድማጭም የተደራረበ ድምፅ እንጂ ቃል አይሰማም። በአንጻሩ በአንበሳሜና በደብረ ታቦር ዝቅተኛ ኮረብታዎች ላይ የሚተከሉ ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ዞን ውስጥ ሆነውም ላይሰማሙ ይችላሉ።

አመልካቾች አዘውትረው የሚያነሡት መፍትሔ «ቶን» ነው። ቶን ከንግግሩ ጋር አብሮ የሚላክ፣ ለጆሮ የማይሰማ ዝቅተኛ ድምፅ ሲሆን፣ ሪፒተሩ ለምሳሌ 88.5 ኸርዝ ካልሰማ አይከፈትም። ጠቃሚ ዘዴ ነው። ሆኖም ቶን ረብሻውን ይደብቃል እንጂ አያጠፋም፤ ሁለት ምልክቶች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ በአንድ ጊዜ ከደረሱ ቶናቸው ቢለያይም ይጋጫሉ። ስለዚህ ቶን የቅንጅት ማሟያ እንጂ ምትክ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ከዚህ በመነሣት ከፍተኛው ጫፍ ሁልጊዜ ምርጥ ቦታ እንዳልሆነ መረዳት ይቻላል። ደራንና ፎገራን ለመሸፈን የሚፈልግ ክበብ ጉና ላይ ቢወጣ ከሚያስፈልገው በላይ ሰፊ አካባቢ ላይ አንድ ጥንድ ይዞ ይቀመጣል፤ በክረምት መብረቅ፣ ጉምና የመንገድ ችግር ሲመጣም ጣቢያውን ለመጠገን ይቸገራል። መካከለኛ ከፍታ ያለው፣ ሁልጊዜ የሚደረስበትና ወደሚፈለገው ሜዳ የሚያይ ኮረብታ በብዙ ረገድ የተሻለ ነው።

በአደጋ ጊዜ

የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና አካባቢ ተነሥተው የፎገራንና የደራን ዝቅተኛ ሜዳ አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በደምቢያ የደረሰው ጎርፍ በርካታ ነዋሪዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ የኤሌክትሪክ ኃይልና የስልክ አገልግሎት ሊቋረጥ ይችላል፤ በባትሪና በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ሪፒተር ያኔ በላይኛውና በታችኛው ተፋሰስ ያሉ ሰዎችን ያገናኛል። በዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ የአማተር ጣቢያዎች የሌላ ሰው መልእክት ወደ ውጭ አገር የሚያስተላልፉት በአደጋና በዕርዳታ ሥራ ጊዜ ብቻ ነው። ለንግድ ማስታወቂያ፣ ለሙዚቃ ወይም ትርጉሙ ለተሰወረ መልእክት የአማተር ሪፒተር አያገለግልም።

ያልተቀናጀ ሪፒተር ጉዳቱ የሚታየውም በዚሁ ሰዓት ነው። በአዘቦት ቀን የሁለት ጣቢያዎች መደራረብ ቅሬታ ብቻ ያስነሣል። ጎርፍ በሚወርድበት ሌሊት ግን ከወንዝ ዳር የሚላክ የድረሱልን ጥሪ ከሌላ ዞን በሚመጣ ወሬ ሊዋጥ ይችላል።

ከማመልከት በፊት መዘጋጀት ያለበት መረጃ

ቅንጅቱን የሚመረምር ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው ከቦታው ነው። ስለዚህ የጣቢያው ትክክለኛ መገኛ በኬክሮስና በኬንትሮስ፣ የመሬቱ ከፍታ፣ አንቴናው ከመሬት የሚኖረው ቁመት፣ የማሰራጫው ኃይል፣ የአንቴናው ዓይነትና አቅጣጫ፣ የሚጠየቀው የፍሪኩዌንሲ ጥንድና ቶን፣ እንዲሁም ሊሸፈን የታሰበው አካባቢ ተለይተው መቅረብ ይኖርባቸዋል። ከፍታን በግምት መጻፍ ስሌቱን ሁሉ ያበላሻል፤ 200 ሜትር ስሕተት በዚህ ተራራማ አካባቢ አንድን ከተማ ከሽፋን ውስጥ ያስገባል ወይም ያስወጣል። አንድ ጥንድ ብቻ ከመጠየቅ ይልቅ ሁለት ወይም ሦስት አማራጮችን በቅደም ተከተል ማቅረብ መልካም ነው። የቦታው ባለይዞታ በጽሑፍ መስማማቱም አስቀድሞ ቢረጋገጥ ከብዙ እንግልት ያድናል።

ከማመልከቱ በፊት በታሰበው ቻናል ላይ ለተወሰኑ ሳምንታት በተለያየ ሰዓት ማዳመጥና የተሰማውን መመዝገብ ይመከራል። ይህ ወጪ የሌለው ሥራ ቢሆንም አመልካቾች በብዛት የሚዘሉት እርሱን ነው።

በገበያ የሚገኙ ርካሽ የእጅ ሬዲዮዎች ብዙዎቹ ከ136 እስከ 174 ሜጋ ኸርዝ ማሰራጨት ይችላሉ። በዚህ ክልል ውስጥ ከአማተር ውጭ ሌሎች ባለፈቃዶችም ይሠራሉ፤ መሣሪያው መቻሉ ለባለቤቱ ፈቃድ አይሆነውም። የሬዲዮ መሣሪያ ከውጭ ከማስገባት በፊት ስለ መሣሪያው ዓይነት ማረጋገጫ ከባለሥልጣኑ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሪፒተሩ ሥራ ከጀመረ በኋላ የጥሪ ምልክቱን በአጭር ጊዜ ልዩነት ማስተላለፍ አለበት። ብልሽት ወይም ረብሻ ሲያጋጥም ማሰራጫውን ከርቀት ሊያጠፋ የሚችል ኃላፊ ሊኖረውም ይገባል። አንቴናው ከፍ ቢደረግ፣ ኃይሉ ቢጨመር ወይም ጣቢያው ወደ ሌላ ኮረብታ ቢዛወር ቀድሞ የተሠራው ስሌት ስለማያገለግል ለውጡ ከመደረጉ በፊት ቅንጅቱ እንደ አዲስ ይጠየቃል።